የፈረንጁ መርዶ

«እኔ መዋሸት አልችልም» የሚል ሰው ያናድደኛል። ይችላል፤ ሰበብ አላገኘም እንጂ። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ፣ አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሠፈራ መንደሮች ባንዱ መምህር ሳለሁ፣ አንዲት እናትን የልጃቸውን ሞት ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቄያቸዋለሁ። አንድ አሜሪካዊ ባለ ፋብሪካ ባይሞትብኝ ኖሮ እስከ መቼ እንደምደብቃቸው እንጃ።

መንደሮቹ ያኔ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። ሰዎቹ ከወሎ በአውቶቡስ ተጭነው የመጡ፣ ድርቁ ግማሽ ቤተሰባቸውን የበላባቸው ናቸው። እኔ የወለጋ ልጅ ነኝ፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደገኝ፣ አፌ የሚቀድመኝ። ሥራዬ መሠረተ ትምህርት ማስተማር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አሶሳ ከተማ ሄጄ የመንደሩን ደብዳቤ አመጣለሁ፤ ማንበብ ገና እየተማሩ ነበርና ከፍቼ የማነብላቸውም እኔው ነኝ።

ፊደሉ ሲያልቅ የመንደሩ ካድሬ ጠራኝና እሑድ እሑድ ቀትር ላይ በቀርከሃው አዳራሽ የአንድ ኢምፔሪያሊስት በዝባዥ የሕይወት ታሪክ እንዳስተምር አዘዘኝ። ደግነቱ ከሚሲዮኑ ይዤው የወጣሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረኝ። የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ ስላቋቋመ አሜሪካዊ የሚተርክ ነው። እሱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጀመርኩ።

ሰውየው የድሀ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው፤ አሥር ዓመት ሲሆነው ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ወናፍ መንፋት ጀመረ። እዚህ ላይ አዳራሹ አጉረመረመ። ብረት ቀጥቃጭ ከሚናቅበት አገር የመጡ ሰዎች ናቸዋ! ይህን ያህል መንገድ ስለ ቀጥቃጭ ልንሰማ ነው የመጣነው ያለም አልጠፋ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ዞር ብለው ተቆጧቸው። የሳቸውም ልጅ እንዲሁ ነው የጀመረው፤ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ጎማ በመንፋት። አሁን ሞተር ፈትቶ ይገጥማል፤ ስለዚህም እናቱ ሲሠፍሩ እሱ እዚያው ቀረ። ያላቸው ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፈረንጁ የሳቸው ሆነ። የመጀመሪያው ፓምፑ ውሃ ሲያፈስበት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ሁለተኛው ሲሠራ እልል አሉ። ሸሪኩ ሲከዳው ሸሪኩን ረገሙት፤ ፋብሪካው ሲቃጠል ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከፍቷቸው ከረሙ። ውሃ ሲቀዱ ካገኙኝ፣ ማንጎ ሊሸጡ ከሚመጡት የአገሬው የበርታ ሴቶች ጋር ሲነጋገሩም ካገኙኝ፣ ጥያቄያቸው ሁለት ነው፤ ደብዳቤ መጣ ወይ፣ ፈረንጁስ ደህና ነው ወይ።

ካድሬው የጓጓው ሠራተኞቹ ሥራ ለሚያቆሙበት ምዕራፍ ነበር። ያን እሑድ ከፊት ተቀመጠ። ሰውየው ደመወዝ አልጨምርም ብሎ የፋብሪካውን በር ዘጋባቸው ስል፣ የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና በዚያ አገር ሽማግሌ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ሁለት ሰው መሀል ገብቶ የሚያስታርቅ ጠፍቶ ነው ይህ ሁሉ? አዳራሹም እውነት ነው አለ። ካድሬው ተነሥቶ የመደብ ትግል በእርቅ እንደማይፈታ ሩብ ሰዓት አስረዳ። በትዕግሥት አዳመጡት። ሲጨርስ ሽማግሌው፣ እንግዲያው ማን ይግባ ብለው ጠየቁት።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰውየውን ወደድኩት። ኋላ ተጸጽቶ በሩን ከፍቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራተኛ ልጅ ስም እየጠራ ሰላምታ ይሰጥ ነበር ይላል መጽሐፉ። በዝባዥ ነው አልል፣ አይደለም አልል፤ ሰው ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቅዳሜ ደብዳቤው መጣ። የጻፈው የልጁ የሥራ ጓደኛ ነው፤ አራት መስመር። በተስቦ ታመመ፣ በስድስተኛው ቀን አረፈ፣ የጋራዡ ሰው ሁሉ ቀብሮታል፣ እናቱን እግዚአብሔር ያጽናልን። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እሳቸው መንገድ ላይ ጠብቀውኝ ነበር። ደብዳቤ የለም አልኳቸው። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ።

መጽሐፉም ሊያልቅ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሰውየው ይሞታል። እሱን ገድዬባቸው በማግስቱ ልጅዎ ደህና ነው የሚል ፊት ለማሳየት አንጀት አጣሁ። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ፋብሪካ አሠራሁለት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሌላ። ሚስቱ ሞታበት ነበር፤ እንደገና ዳርኩት። አይ እኔ! ካድሬው ለብቻ ጠርቶኝ ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚበዘብዘው ብሎ ጮኸብኝ፤ በመጪው እሑድ ካላለቀ ጉዳዩን አሶሳ እንደሚያስተላልፈው ነገረኝ።

እሑድ ሆነ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መጽሐፉን ገለጥኩና ቶሎ ልገላገል ብዬ፣ ሰውየው ፋብሪካው ውስጥ አዲስ ፓምፕ ሲመረምር ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ አልኩ፤ ልክ ገበያ ላይ ጨው ተወደደ እንደሚባለው።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር?»

መጽሐፍ እኮ ነው ልል ስል ሴቶቹን አየሁ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበዋል። ሽማግሌው ተቆጥተው ቀጠሉ። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ። በድርቁ ጊዜ በእርዳታ መጠለያ እያሉ የወገናቸውን ሞት የሚያውቁት ለእህል ስም ሲጠራና አቤት የሚል ሲጠፋ ነበር። ያ ይበቃናል አሉ፤ እዚህ እንኳ የሰው ሞት እንደ ሰው ይነገረን። በእኔም አገር መርዶ በማለዳ ነው። አላውቅም ማለት አልችልም።

ያን ጊዜ እኚያ እናት ተነሡ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር።

«የፈረንጁስ ይሁን፤ አገሩ ሩቅ ነው። የኔን ልጅ ግን በጠራራ ፀሐይ እንዳይነግሩኝ መምህር። ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዘው ይምጡ።»

እኔ መጽሐፉን አጥፌ ተከተልኳቸው።

እንዴት እንዳወቁ ከአዳራሹ ስንወጣ ነገሩኝ። በፊት ደብዳቤ የለም ስላቸው ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን መሬት መሬት አያለሁ። ያኔውኑ ገብቷቸዋል። ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም? መርዶ ተጠይቆ አይወሰድም፤ ነጋሪ ይመጣል እንጂ አሉኝ። ነጋሪ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ መቀመጥ የለም፣ ማንም ለቅሶ አይደርስም፣ ማቅ አይለበስም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጃቸው መሞቱን እያወቁ፣ ሳያለቅሱ አረም ሲያርሙ ከረሙ። እኔ አዘንኩላቸው ብዬ እንባቸውን ከለከልኳቸው። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ሰኞ ሊነጋ ሲል ከሽማግሌውና ከሁለት ሰዎች ጋር ሄድን። ደጁ ተጠርጓል፤ ለእንግዳ ቆዳ ተነጥፏል። ተቀመጥን። ሽማግሌው በዝግታ፣ አምላክ የሰጠሽን ወስዶታል፣ ልጅሽ ቀድሞሻል አሏቸው። አልጮኹም። ወደ እኔ ዞረው ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛውን አልጨረስኩትም። ላረዳ ሄጄ፣ ከሁሉ ቀድሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ተነሥተው መጥተው ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙ። አንቱ ሲሉኝ የከረሙት ሴት፣

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀን ብቻህን ተሸከምከው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ፤ ከደጅ የቆመውም ጎረቤት ሁሉ ገባ።