በጠመንጃ ታጅቤ የሠራሁት ስፖርት

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ገና ከመቀመጤ ጠየቀኝ።

«ጓዲት አስናቀች፣ ማለዳ ማለዳ በወግዲ መንገድ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«የትም አልሄድም። ዝግባው ዛፍ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ዛፉ ጋ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

መልሴን ወረቀት ላይ ጻፈው...

ያኔ መካነ ሰላም ከተማ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ንጉሡ ከወረዱ ብዙም አልቆየም፤ የረሃቡ ጠባሳም ከሰው ፊት ገና አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ታይፕ ስመታ እየዋልኩ ወገቤ አላስተኛ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ መድኃኒት እንኳ አልሰጠኝም። «ማለዳ እየተነሳሽ ፈጠን ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ እንዳታቋርጪ» ብሎ ሸኘኝ። እኔም ጀመርኩ።

ይህንኑ ለሊቀመንበሩ አስረዳሁት።

«ታመሻል ማለት ነው?»

«አሁን ተሽሎኛል።»

«ከተሻለሽ ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«እንዳይመለስብኝ ነዋ።»

ክፉ ሰው አልነበረም... ግን ያን ሰሞን መንግሥትን የሸሹ ሰዎች በወግዲ በኩል አድርገው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ ይባል ነበር። የመንግሥት ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት በዚያው መንገድ ሳይነጋ ስትፈጥን ብትታይ ማንስ ቢሆን ምን ይላል? ከቢሯችን አንዱ ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ ነበር። ሊቀመንበሩ ብዙ አሰበና «መልካም፣ ሂጂ። ብቻሽን ግን አይሆንም» አለኝ።

በማግስቱ በሬን ስከፍት ጋሽ ይማም ምንሽር ጠመንጃቸውን አንግተው ቆመዋል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴን ይሆናሉ። ከኋላዬ እየተከተሉኝ ዛፉ ጋ ደረስን። ዞሬ መመለስ ስጀምር ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ምንም ሳንይዝ ልንመለስ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንጨትም?»

«እንጨትም።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። የከተማው ሰው ግን መንገድ ዳር ቆሞ ያየናል። አንዳንዱ የታሰርኩ መስሎት ከንፈር ይመጥልኛል፤ አንዳንዱ ሹመት ያገኘሁ መስሎት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል።

አንድ ማለዳ እየተራመድን ሳለ ጋሽ ይማም ድንገት እንዲህ አሉኝ።

«እኔ ብዙ መንገድ የሄድኩት በዚያ በክፉ ቀን ነው። በሬዎቼ አልቀው፣ ልጆቼን ይዤ እህል ፍለጋ... እግር የሚሠራው ለችግር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወላሂ፣ ጠግቦ መሄድ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኋላዬ መከተላቸውን ትተው ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን።

ክረምት ገባ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወገቤም ድኗል። ይብቃኝ ብዬ ተኛሁ... ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትቼዋለሁ።»

«እንዴት ትተይዋለሽ? ቀረች ብዬ ሪፖርት ባደርግ ለምን ቀረች ይሉኛል። ለምን እንደምትሄጂ ለማስረዳት ያን ያህል ከለፋሽ፣ ለምን እንደቀረሽማ በምን አፍሽ ታስረጃለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ጫማዬን አጠለቅኩ።

በኋላ ኃይለኛ ጉንፋን ያዘኝና ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጋሽ ይማም እንደልማዳቸው መጡ። ተኝቼ ሲያዩኝ ትንሽ አሰቡና «አብሽሪ፣ ተኚ። እኔ ሄጄልሽ እመጣለሁ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር... ለካ ከልባቸው ነው።

ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። ጋሽ ይማም ተይዘዋል። ጠመንጃ ያነገተ ሰው ለብቻው በወግዲ መንገድ ሲፈጥን ያዩ ሌሎች ጠባቂዎች አስቁመው «ወዴት ነው?» ቢሏቸው «የትም» ብለዋል። «ታዲያ ምን ትሠራለህ?» ሲሏቸው ደግሞ «የሰው መንገድ እየሄድኩ ነው» ብለው እርፍ። 

ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እያሳለኝ ቀበሌ ደረስኩ። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል።

«ይማም በትእዛዙ መሠረት አንቺን እየተከተልኩ ነበር ይላል። አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ታዲያ ማንን ነው ሲከተል የነበረው?»

ጋሽ ይማም በእርጋታ መለሱ። «እሷኑ። ብትኖር ኖሮ።»

ሳሌን እንኳ ዋጥኩት። ያቺን አንዲት ቃል ሊቀመንበሩ ካላመነ እሳቸው ወህኒ ሊወርዱ ነው፤ ምናልባት እኔም። እሱ ግን ከእኛ ይልቅ የፈራው የበላይ አካል መጥቶ እንዲያስረዳ ቢጠይቀው ምን እንደሚል ነው መሰለኝ። ምንሽሩን ተቀበላቸውና ወሰነ።

«ይማም ከእንግዲህ ብቻውን ሲሄድ እንዳይገኝ። አንቺ ትጠብቂዋለሽ።»

«እሳቸውስ እኔን?»

«የፊተኛው ትእዛዝ መች ተሻረ?»

እናም እኔ እሳቸውን፣ እሳቸው እኔን እየጠበቅን መራመዳችንን ቀጠልን። አንዳችን ብንቀር ሌላው ሪፖርት ማድረግ አለበትና ማንም አልቀረም። ቆይቶ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ወረደ፤ በቦታው የተተካውም ትእዛዙ መኖሩን አያውቅም ነበር። የሚሽርልን ሰው ስላልተገኘ እኔ ወደ ኩታበር እስክዛወር ድረስ ዝናብ አላስቀረን፣ ብርድ አላስቀረን። የምሄድ ዕለት ጭነት መኪናው ድረስ ሸኝተውኝ «እዚያስ ማን ይጠብቅሽ ይሆን?» ሲሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን ልጄ አዲስ አበባ ስፖርት የሚያሠራት ሰው ቀጥራለች፤ እሱ ካልደወለላት ከአልጋዋ አትወርድም። ለእኔስ መንግሥት ነበር የመደበልኝ።