በማዕበል ሥር ማለፍ

በቀደም ሥራ ቦታ አንዲት ሴት የታመመች እናቷን እግር ቅባት ስትቀባ የኮኮናት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቀጥ ብዬ ቀረሁ፤ ወንድሜ ናሆም እግሩን እንዳያንሸራትተው፣ ማዕበል የሚጋልብበትን ሰርፍ ቦርዱን የሚቀባው ሰም ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው። የሰሙ ቁራጭ ከጂንሱ ኪስ አይጠፋም ነበር፣ እማዬም ልብስ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ እያገኘችው «ይሄ ልጅ ደግሞ ሳሙና በኪሱ ይዞ ይዞራል እንዴ?» እያለች ትገረም ነበር። እኔ እያወቅሁ ዝም እል ነበር።

አባታችን ገና ሳላውቀው ስለሞተ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ አፓርታማችን ውስጥ የምንኖረው ሦስት ሆነን ነበር፣ እማዬ ነርሲንግ ሆም አዛውንት እየጦረች ታሳድገናለች። በቤታችን ውሃ ክልክል ነበር። ታናሽ ወንድሟን ዓይኗ እያየ ሐዋሳ ሐይቅ ስለበላባት፣ በየሰፈሩ ሐይቅ ባለበት በዚህ አገር እንኳን ልንዋኝ ዳር ላይ ስንቆም «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ብላ እጃችንን ጎትታ ትመልሰን ነበር። ናሆም ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ያገለገለ ቦርድ ገዝቶ፣ ጓደኛው ጋራዥ ደብቆ፣ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብል ሺፍት ስትገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ሰሜን ድራይቭ እያደረገ፣ እንደ ባሕር ማዕበል የሚያነሳው ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ይሰርፍ ነበር። ደረስኩበት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ምላሴ ደግሞ ልክ አልነበረውም፤ «ካልወሰድከኝ ለእማዬ እነግራታለሁ!» አልኩት።

«አንቺ ጉደኛ!» አለኝ እየሳቀ። «እሺ፣ መጀመሪያ ግን ዳክ ዳይቭ ትማሪያለሽ።»

በዚያ ዊንተር በረዶው መስኮታችን ሥር ሲከመር፣ የሶፋውን ረጅም ትራስ አልጋ ላይ አጋድሞ እንደ ዳክዬ መጥለቅን ያስተምረኝ ነበር። እሱ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ማዕበል እየሆነ ይመጣብኛል፣ እኔ ትራሱ ላይ በደረቴ ተኝቼ እጠብቀዋለሁ። «ልትሸሺው አትሞክሪ፣ ይደርስብሻል። ወደ እሱ ቅዘፊ። ጥቂት ሲቀረው የቦርዱን ጠርዝ በሁለት እጅሽ ያዢ፣ ክንድሽን ቀጥ አድርገሽ አፍንጫውን ወደ ታች ድፈቂው፣ ከዚያ ጭራውን በጉልበትሽ ተጫኚ። በላይሽ ሲያልፍ አፍንጫውን ቀና አድርጊው፣ ቦርዱ ራሱ ያወጣሻል» ይለኝ ነበር። ቀድሜ ከጠለቅሁ ማዕበሉ ሳያልፍ ብቅ ብዬ ይመታኛል፣ ከዘገየሁ ደግሞ ገልብጦ ይጥለኛል፤ ይህን ሁሉ ከትራስ ላይ እየወደቅሁ ነው ያጠናሁት። እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰመር ሲገባ ቤታችን አጠገብ ካለው ትንሽ ሐይቅ ወስዶ፣ መጀመሪያ ዋና አስተምሮ፣ ከዚያ ቦርዱን ውሃ ውስጥ መድፈቅ አለማመደኝ። ክብደቴ ከላባ ስለማይሻል ቦርዱ እምቢ ብሎ እየተስፈነጠረ ስንት ጊዜ እንደጣለኝ! እማዬም ሥራ ውላ ስትገባ ፀጉሬን እየዳሰሰች «ዛሬም ታጠብሽ?» ትለኝ ነበር፣ እኔም ዓይኔን ሳላሽ «አዎ» እላት ነበር። መዋሸት የጀመርኩት ያኔ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ በልኬ የጎማ ልብስ ተውሶልኝ፣ ትልቁ ሐይቅ፣ ሱፒሪየር፣ ገባን። የውሃው ብርድ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያውን ማዕበል በሥሩ አለፍኩት፣ ሁለተኛውንም፣ ናሆምም ከጎኔ ሆኖ «ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሦስተኛው ግን ትልቅ ነበር። እማዬ ገና ከሕፃንነቴ፣ ገላዬን ልታጥበኝ እንኳን ሳታማትበኝ ውሃ አፍስሳብኝ አታውቅም፣ ራሴም ሳላማትብ ሻወር አልገባም፤ ያ ነጭ ግድግዳ ሲመጣብኝ ሳላስበው ቀኝ እጄ ቦርዱን ለቆ ግንባሬ ላይ ወጣ። «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ቦርዱ ተስፈንጥሮ አፌን መታኝ። ናሆም ጎትቶ አወጣኝ፣ መኪና ውስጥ ሂተሩን ከፍቶ፣ ከንፈሬን በፎጣ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ዳር ላይ አማትቢ፣ ውሃ ውስጥ ግን በሁለት እጅ ነው፣ እንዴት ሳልነግርሽ?» እያለ ራሱን ይረግም ነበር።

ቤት ስንደርስ እማዬ ቀድማን ገብታ ነበር። የተሰነጠቀ ከንፈሬንና የጎደለ ጥርሴን አይታ «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ስትል ፊቷ አስፈራኝና «ናሆም ነው። አልሄድም ስለው በግድ ሐይቅ አስገባኝ» አልኳት። ናሆም ዞር ብሎ አየኝ። እውነቱን እስክናገር ጠበቀኝ፣ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ፣ እሱም አላጋለጠኝም። «ወንድሜን የበላ ውሃ አፍ ውስጥ ልጄን በግድ ትከታለህ? ውጣልኝ!» አለችው። ልብሱን በአንድ ቦርሳ ይዞ ወጣ፣ ጥቂት ወር ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ጓደኛው ጋ ከርሞ ካሊፎርኒያ ሄደ። ለበዓል ሲደውል እማዬ ስልኩን ወደ እኔ እየገፋች «አንቺ አናግሪው» ትለኝ ነበር።

አምና እማዬ ታማ ስትተኛ ናሆም ደወለልኝ። «እኔን ካየች ትናደዳለች። አንቺ እውነቱን ንገሪያት፣ ከዚያ እመጣለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሾርባ እያጎረስኳት፣ ነገ እነግራታለሁ፣ ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ትሻላለች እያልኩ ስቀጥር ሳልነግራት ሞተች።

ናሆም ለቀብሯ መጣ። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል። በሠልስቱ ለቀስተኛው ሲወጣ ወንበሮቹን አብረን እያጠፍን ሳለ ቀስ ብሎ «ነገርሻት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ልጄን በድያለሁ ብላ አለቀሰች።»

ናሆም ያጠፈውን ወንበር መልሶ ዘርግቶ ተቀመጠና የእማዬን ነጠላ ፊቱ ላይ ጭኖ ተንሰቀሰቀ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለኝ። ለእማዬ የዋሸሁ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው እላለሁ። አሁን ግን ሠላሳ አንድ ሆኖኛል።