ሞተሩ ላይ የተቀመጥን ሴቶች

ከጋምቤላ የወጣሁት እናቴን አንድ ነገር ልለምን ነው፤ ጅማ ለምርመራ አብራኝ እንድትሄድ። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ወገቤ የሚቆረጠው ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው። የጤና ጣቢያ ነርስ "ስትወልጂ ይተውሻል" አለችኝ። እናቴም "የሴት ነገር ነው፣ ቻይው" አለች። ሁሉም ሲያቃልለው እኔም ራሴን አላምን አልኩ። "አሞሻል?" ሲሉኝ "ትንሽ ነው" ብዬ ፈገግ እላለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያቺ ፈገግታ ታደክመኛለች።

ኒውላንድ፣ የጋምቤላ ሰፈሬ፣ ጠዋት

ሕመሙም ለመንገድ የተቀጣጠርን ይመስል አብሮኝ ተነሳ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሞተሩ ላይ ያለውን ቦታ በጋምቤላ ሙቀት ሁሉም ይሸሸዋል። እኔ ግን እመርጠዋለሁ፤ ግለቱ ወገቤን ያላላልኛል። ዛሬ አንዲት ሴት ቀድማኛለች።

"እህቴ፣ ኋላ ነፋስ አለ" አልኳት በተንኮል።

ቀና ብላ ሆዴን የያዘውን እጄን አየች። "አንቺም?" አለች። "እኔም ዛሬ ነው።" ጠጋ አለችልኝ።

አሪያት ትባላለች፤ ከአቦቦ አልፎ ጎግ የምትኖር አኙዋክ ነጋዴ ናት።

"ሰው ስነግረው ይስቃል" አለችኝ። "ሞተር አይስቅም።"

ሳላስረዳ የታመንኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሄድኩት። የማንጎ ዛፎች፣ ቀይ አቧራ፣ መንገድ ዳር የተቀመጡ ዝንጀሮዎች በመስኮቱ ቀስ ብለው አለፉ። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ትከሻዋ ግን እዚያው ነበር።

አቦቦ

ስወርድ አሪያት "ቦታሽን እጠብቃለሁ" ብላ ሳቀች።

እናቴ በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ መጥታ እዚሁ የቀረች ገበሬ ናት። በቆሎ ስትፈለፍል ደረስኩ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ፈገግ ሳልል ነገርኳት።

"እማዬ፣ እስካሁን ቻልኩት። አሁን ግን አቃተኝ። ጅማ አብረሽኝ ሂጂ።"

እጇ በቆሎው ላይ ቆመ። "እኔ ትኩስ አመድ በጨርቅ ቋጥሬ ወገቤ ላይ እያሰርኩ አርም ነበር" አለች።

"ለማን ነገርሽ?"

"ማን ይሰማኛል ብዬ?"

ከዚያ እኔም በቆሎ አንስቼ አብሬያት ፈለፈልኩ።

ወደ ቤት

በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለጅማም የሚሆን ልብስ ቋጥራ ቀድማኝ ወጣች። ሾፌሩ ለዕድሜዋ ብሎ ጋቢናውን ቢያሳያትም አልፋው መጥታ ሞተሩ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ሕመሜ እንዳለ ነው። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ግን ራሴን መጠራጠር እንድተው ነው።

ኒውላንድ ስንቃረብ እጇን ወገቤ ላይ አድርጋ "አሁንም ያምሻል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።