«አትምጡ» ለማለት የመጣው እንግዳ

ንጋት፣ ቦሌ

«ታዲያ አንተስ ለምን መጣህ?» አለው ሄኖክ፣ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን እንደያዘ።

«ለማየት ነዋ! ሳላይ ሰውን አትምጡ ማለት ነውር ነው።»

«ካየህ በኋላስ?»

«ካየሁ በኋላማ አትምጡ እላለሁ።»

«ሳታይ ወስነሃላ!»

«የወሰነው ባሌ ነው። እኔ ገና እያመዛዘንኩ ነው።»

ጭቅጭቁ የተጀመረው እንግዳ ማረፊያው ደረጃ ላይ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥበቃው በአክብሮት ፈገግ እያለ ሻንጣ ጫነልን። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነኝ። ከውጭ የመጣው እንግዳ፣ ማርቲን፣ «የአገሬው ገጣሚ ማግኘት እፈልጋለሁ» ስላለ ሄኖክ እኔን አመጣለት። የአገሬው ገጣሚ ማለት ጠዋት ሥራ የሌለው፣ ምሳ ካለ የማይቀር ሰው ነው።

ማርቲን የሚጽፈው ወንድ ለሚወዱ ወንዶችና ሴት ለሚወዱ ሴቶች በተዘጋጀ የጉዞ ድረ ገጽ ላይ ነው። ይዞት የመጣው ጥያቄም አንድ ነው፤ እንደ እሱ ያለው ሰው የሚታሰርበትና የሚጠላበት አገር ሄዶ ገንዘብ ማፍሰስ ተገቢ ነው ወይስ ማዕቀብ መጣል? ባሏን እንዳኮረፈች ሴት ቤቱ የቀረው የእሱ ባል፣ መልሱን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰጥቷል። ማርቲን ግን ኅሊናው በአውሮፕላን ነው የሚሠራው።

ሄኖክ አስጎብኚና ሹፌር ነው። ስሙ ሄኖክ አይደለም፤ መኪናው የምለው ዓይነት መኪና አይደለም፤ እናቱንም ቤተሰቡንም ቀይሬያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ። ወንድ እንደሚወድ ለእኔ የነገረኝ ከስንት ዓመት ጓደኝነት በኋላ ነው። ለማርቲን ግን በተዋወቁ በማግስቱ ነገረው። ቅናት ይዞኝ ስጠይቀው፣ «እሱ ይሄዳላ» አለኝ። የሚሄድ ሰው እንደ ጉድጓድ ነው፤ ተናግረህበት ትደፍነዋለህ። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

የቦሌ መንገድ በዚህ ሰዓት ደስ ይላል። ከጭፈራ ቤት የሚመለሱ ልጆች ባለ ተረከዝ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ወደ ጸሎት ይፈጥናሉ። በአንድ የእግረኛ መንገድ ይተላለፋሉ። አንዱ በሌላው ላይ ማዕቀብ አልጣለም።

አንድ ካፌ ቁርስ አደረግን። የማኪያቶው ዋጋ ላምበረት ላይ ለሦስት ሰው ሻይ ከነአምባሻው ይገዛል። ማርቲን እየጠጣ፣ «ገንዘቤ ጨቋኞችን መደገፍ የለበትም» አለ።

«የአንተ ገንዘብ የሚደግፈው የእናቴን ቤት ኪራይ ነው» አለው ሄኖክ። «እሷን ጨቋኝ ካልካት እኔም አልከራከርም፤ ግን ኪራዩን ልክፈል።»

ረፋድ፣ ጉርድ ሾላ

መንገዱ ተጨናንቋል፤ መኪናው ይሳባል ከምል ያስባል ብል ይቀላል። ሱቅ፣ ባንክ፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ፣ እንደገና ባንክ። ማርቲን መስኮቱን አወረደና ድንገት ጮኸ።

«እዩ! እዩዋቸው!»

ሁለት የግንባታ ሠራተኞች፣ የራስ ቁራቸውን እንዳደረጉ፣ ጣት ለጣት ተቆላልፈው መንገድ ይሻገራሉ። ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ የሌላውን መዳፍ እንደ አደራ ዕቃ ይዞ፣ ስለ ሲሚንቶ ይነጋገራሉ። ባንኩ በር ላይ ደግሞ አንድ ወጣት የጓደኛውን አንገት አቅፎ ስልክ ያሳየዋል። ማርቲን በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ከተማዋን በሙሉ ለራሱ ወገን መዘገባት።

«በእኛ ከተማ እንኳ እንዲህ በነፃነት አይሄዱም!»

ሄኖክ ሳቀ። «ጓደኛሞች ናቸው፣ ማርቲን። ስለ እኛ ብትጠይቃቸው እጃቸውን ሳያላቅቁ በትርፉ እጃቸው ድንጋይ ያነሳሉ።»

ማርቲን ይህን በስልኩ ላይ ጻፈው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አብረን ባደግንበት ሰፈር እጄን ያልያዘ ጓደኛ የለኝም፤ ከሄኖክ በቀር። መንገድ ስንሻገር እጄን ብዘረጋለት ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይፈልግ ነበር። ኩራተኛ ነው እል ነበር። ለሰው ሁሉ የተፈቀደውን ነገር በዚህ ከተማ የሚፈራው፣ ነገሩን ከምሩ የሚወስደው ሰው ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ገደማ፣ ላምበረት

«ደብረ ብርሃን! ደሴ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ!» የመናኸሪያው ረዳቶች ተሳፋሪውን በቃል ሳይሆን በክንዱ ይጠሩታል። ማርቲንም አውቶቡስ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሻይ የጠጣነው ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው፤ ከወሎ መጥተው ለተሳፋሪ ሻይና ፉል የሚሸጡ፣ ሄኖክን በስሙ የሚጠሩ ሰው ናቸው።

«እንግዳው ምን ይሠራል?» አሉ።

«ጸሐፊ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ምን ይጽፋል?»

«ስለ መንገድ።»

«እንግዲያው የጉርድ ሾላውን ይጻፍልን፤ ልጆቻችን መንገድ ላይ እያደጉ ነው።» ከዚያ ወደ ማርቲን ዞረው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሚገባው ይመስል፣ «አገርህ ስትገባ ጥሩ ጥሩውን አውራ! እንግዳ ሲመጣ ቤታችን ይደምቃል!» አሉት።

ሄኖክ ተረጎመለት። ማርቲን ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አመሰገነ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። የእኚህን ሰው እንግዶች ሊያስቀርባቸው መሆኑ ትዝ ያለው አይመስለኝም። ሄኖክ ሻዩን ይዞ መኪናው ላይ ተደግፎ ሲስቅ ማርቲን ፎቶ አነሳው። ጥሩ ፎቶ ነበር። ከኋላው ታርጋው፣ ከጎኑ የጋሽ ሰይድ ሰማያዊ ሸራ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠነቀቀ ፊት።

ከሰዓት፣ የካ አባዶ

ገበሬ ጤፍ ያጭድበት የነበረው መሬት አሁን ፎቅ በፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ማርቲን አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ስለ ሰብአዊ መብት ማውራት አቁሞ ነበር።

የሄኖክ እናት እትዬ አማረች ከሆሳዕና የመጡ ጴንጤ ናቸው። «ጌታ ይባርካችሁ!» እያሉ ሦስታችንንም ሳሙን። ቆጮ፣ አይብና ጎመን ቀርቧል። ታናሽ እህቱ ሜሮን ሶፋው ጥግ ላይ፣ የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ተቀምጣለች። ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ትመልሳለች። ዛሬ ተራዋ የከሰዓት ነው፤ ስንመለስ ሄኖክ ሊያደርሳት ነው። ሁሌም እሱ ነው የሚያደርሳት፤ የየካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ለጠላት አይመኙትም።

እትዬ አማረች ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ለእንግዳው፣ ለመንገዱ፣ ለሚስቱ፣ ልጃቸው ለሚያገባት ገና ላልታየች ሴት። ጎመኑ እስኪቀዘቅዝ ጸለዩ። ማርቲን «አሜን» አለ፤ ለሁሉም።

በላን። እንግሊዝኛ በዚህ ቤት መጋረጃ ነው ብለን አምነን ነበር። ከተማው ሙሉ በእንግሊዝኛ ፊልም አድጎ ሳለ፣ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች አሁንም ምስጢር በእንግሊዝኛ እንደብቃለን።

ማርቲን ስልኩን ለሄኖክ አቀበለው። ጽሑፉ ተጀምሯል። ከላይ የላምበረቱ ፎቶ አለ። ርዕሱ እንግዶች እንዳይመጡ ይመክራል፤ ከሥሩ የሄኖክ ስም።

«ይሄን አውጣው» አለ ሄኖክ። ፈገግታው ለእናቱ ሲል ፊቱ ላይ ቀርቷል።

«ፊት ያስፈልገዋል። ሰው ፊት ካላየ አያምንም። የአባትህን ስም አላስገባሁም እኮ።»

«ታርጋውስ?»

እትዬ አማረች አቋረጡ። «ምን ይላል?»

«ጎመኑ ጣፈጠኝ ይላል፣ እማዬ።»

«እሰይ! ጨምርለታ!» እራሳቸው ጨመሩለት።

«ሄኖክ፣ ይህን የማደርገው ለአንተ ነው» አለ ማርቲን በጎመኑ ክምር ላይ አጎንብሶ። «ወንድ የሚወድ ሰው እዚህ እንዴት በፍርሃት እንደሚኖር ዓለም ይወቅ። አንተ የዚህ ታሪክ ጀግና ነህ።»

«ሰው እንዳይመጣ የምትከለክለው ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ እኔን ጠይቀኸኛል? እናንተ መቅረት ትችላላችሁ። እኔ የት ነው የምቀረው?»

«አሁንስ ምን አለ?» አሉ እናቱ።

«አይቡም ጣፍጦታል።»

አይብ ተጨመረ። ማርቲን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቅጣት አይቶ አያውቅም፤ ቅጣት መሆኑንም አላወቀም።

«ፎቶውን አጥፋው።»

ሦስታችንም ቀና አልን። የተናገረችው ሜሮን ናት። እንግሊዝኛዋ ከማርቲን የጠራ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ የማይነጻጸር ነበር። ማዳመጫው ጭኗ ላይ ነው። መቼ እንዳወለቀችው ማናችንም አላየንም።

«አንተ ከነገ ወዲያ አገርህ ትገባለህ። ወንድሜ እዚሁ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ሁላችንም ስልክ አለን። አሁን አጥፋው፣ እያየሁ።»

ማርቲን ፊቱ ቀላ። አጠፋው።

«ከተጣሉት ፎቶዎች ውስጥም። ስሙንም ከጽሑፉ።»

ከዚያም አጠፋ። ክፉ ሰው አይደለም። ደግ ሰው ግን ባትሪው ሙሉ የሆነ ስልክ ሲይዝ መጠንቀቅ ነው።

«ሜሮኔ፣ ምን ብለሽው ነው እንዲህ የደነገጠው?» አሉ እትዬ አማረች።

«ስልኩን ይተውና ይብላ፣ ይቀዘቅዛል አልኩት።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

ሄኖክ እህቱን ያያል። እሷ አታየውም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ እናቷን ጉንጫቸው ላይ ሳመች፤ ጫማዋን ለማድረግ በሩ ሥር ተንበረከከች። ክሩን ስታስር ቆየች። ያን ያህል ክር የነበረው ጫማ አይደለም።

«ሜሪ» አላት ሄኖክ ተነስቶ፣ ቁልፉን ይዞ። «ቆይ፣ አብረን እንውረድ። ላድርስሽ።»

«አይ፣ በታክሲ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ሰዓት ሰልፉ...»

«እሰለፋለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው? መኪና እያለ?» አሉ እናትየው፣ ማንኪያቸውን እንደያዙ።

«ምን አለች?» አለ ማርቲን በሹክሹክታ።

ማንም አልተረጎመለትም። ሄኖክ ከሶፋውና ከበሩ መሐል ቆሟል። ሜሮን ቀና ስትል ለአንድ አፍታ ያየችው መሰለኝ፤ ያየችው ግን ቁልፉን ነው። ወጣች። እንግዳ ባለበት ቤት በር አይወረወርም፤ በቀስታ ሳበችው፣ ተዘጋ።