ሎሚው ሥር የደፋሁት አመድ

የሄድኩት ለአንድ ዘገባ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት በቤታቸው የአገራቸውን የሻይ ሥርዓት እንደሚያስተምሩ ሰምቼ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አንድ ቅዳሜ በራቸውን አንኳኳሁ። ዘገባው በሳምንቱ ወጣ። እኔ ግን በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድኩ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ተማሪዎቻቸው «ሴንሴይ» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። እኔም እንደነሱ ሴንሴይ አልኳቸው።

ሃያ ስድስት ዓመት በዘጋቢነት ሠርቻለሁና መጠየቅ አይከብደኝም። ጽዋው ስንት ዓመቱ ነው? ማንቆርቆሪያው ከምን ተሠራ? አረንጓዴው የሻይ ዱቄት በቀርከሃ መምቻ የሚመታው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሴንሴይ ሁሉንም ይመልሱልኝ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ያልጠየቅኳቸው አንድ ነገር ቢኖር ስለ አመዱ ነው።

አመዱ ያለው እንደ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ባለ የነሐስ ምድጃ ውስጥ ነው። ከሰሉ በላዩ ይነድዳል፤ ማንቆርቆሪያው ከሰሉ ላይ ይጣዳል። እኛ ተማሪዎች ስንደርስ ሁሉም ተሰናድቶ ስለሚጠብቀን፣ አመድ ለእኔ አመድ ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ትምህርቱ አልቆ ሴንሴይ ሌሎቹን ለመሸኘት ወጡ። ሽኝታቸው ረጅም ነው፤ መኪናው ማዕዘኑን እስኪታጠፍ በር ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ ወዳጄ መጥቶ እስኪወስደኝ እየጠበቅኩ ነበርና ሥራ መፍታቱ ከበደኝ። በእኛ ቤት ያደገች ሴት ሰው ቤት በልታ ጠጥታ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ፍሙን ሴንሴይ ራሳቸው አስቀድመው አንስተውታል። አመዱን በባልዲ ይዤ ወጣሁና ጓሮ ሎሚው ሥር ደፋሁት። ምድጃውን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩት።

ሴንሴይ ገብተው ምድጃውን አዩት።

«አመዱስ?» አሉኝ።

«ደፋሁት።»

ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነገሩኝ። አመዱ የመምህራቸው ነበር። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ወደዚህ አገር ሲመጡ፣ መምህርታቸው ከራሳቸው ምድጃ ግማሹን ቀንሰው በቆርቆሮ ጣሳ ሰጧቸው። መምህርቷም ከራሳቸው መምህር የወረሱት ነበር። አመዱ ይታጠባል፣ ይነፋል፣ ከዓመት ዓመት ይቆያል። ቤት ቢቃጠል የሻይ ሰው መጀመሪያ ይዞ የሚወጣው አመዱን ነው ይባላል። መምህርቷ ሞተዋል። ሌላ አመድ የሚሰጥ የለም።

«የት ደፋሽው?»

«ሎሚው ሥር፣ ሴንሴይ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ሰማዩ ጠቁሯል። የጆሃንስበርግ የታኅሣሥ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ከመጣ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው።

ወዳጄ ባኪውን፣ እዚህ ፒክአፕ የሚጠራው እንደዚያ ነው፣ አቁሞ የገባው ያኔ ነበር። የሆሳዕና ሰው ነው፤ አሌክሳንድራ ውስጥ የሰፈር ሱቅ አለው። ሴንሴይ ለሻዩ ጣፋጭ የሚሠሩበትን ትንንሽ ቀይ ቦሎቄ ከፎርድስበርግ ገዝቶ የሚያመጣላቸው እሱ ነው። አሮጊት ደንበኞቹን በዙሉኛ «ጎጎ» እንደሚል ሴንሴይንም ጎጎ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይወዱለታል።

«ሸራ አለህ?» አልኩት ሰላም ሳልለው።

«መኪናው ላይ አለ። ምን ልትሸፍኚ ነው?»

«አመድ።»

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ሸራውን በአንድ በኩል ሎሚው ቅርንጫፍ ላይ አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞ ነበር። እኔና ሴንሴይ ከሥሩ ተንበርክከን፣ እሳቸው በማንኪያ እኔ በፖስታ ካርድ፣ አመዱን ከቀዩ አፈር ላይ እንገፍፋለን። ውሃው በእጅጌው እየገባ ይወርዳል።

«ሁልጊዜ ‹እጄ አመድ አፋሽ ነው› ትይ ነበር» አለኝ። «ይኸው፣ ዛሬ በዓይኔ አየሁ።»

«ሸራውን ወደ ግራ ሳበው።»

«እሺ አለቃ።» ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። «ጎጎ፣ ከሱቄ አጠገብ አንድ ሥጋ ጠባሽ አለ። በየቀኑ አንድ ባልዲ አመድ ይደፋል። ላምጣልዎት? በነፃ ነው።»

«ስብ አለበት» አሉ ሴንሴይ ቀና ሳይሉ፣ ከልባቸው አስበውበት። «ይሸታል።»

እሱ ሳቀ። ጥቂት ቆይተው እሳቸውም ሳቁ። እኔ በደንብ የተነፈስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ትምህርቴ በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሲሸኙን ግን በር ላይ «ለቅዳሜ ቢቆሽሽ የማይቆጭሽ ልብስ ልበሺ» አሉኝ። እስክንታጠፍ ድረስ ጃንጥላ ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

አራት ቅዳሜ አጠብነው። አመዱ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይማሰላል፤ ቅጠሉና የከሰሉ ስብርባሪ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፤ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል። የደፈረሰውን ውሃ በቀስታ ሌላ ባልዲ ውስጥ ገልብጦ እስኪጠል መጠበቅ ነው። ከታች የቀረው አንሶላ ላይ ይሰጣል፣ የሻይ ቅጠል የፈላበት ውሃ እየተርከፈከፈበት ይታሻል፣ በመጨረሻ በወንፊት ይነፋል። ደቃቁን ወንፊት ወዳጄ ከፎርድስበርግ አመጣልን። «ለዱቄት ነው ብያቸዋለሁ፤ ለአመድ ብል ያባርሩኛል» አለ።

ሴንሴይ ይህን ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብቻቸውን ሠርተውታል። እጃቸው ባልዲ ማንሳት ካቆመ ሁለት ዓመት እንደሆነውና አመዱም ያን ያህል ጊዜ ሳይታጠብ እንደቆየ የነገሩኝ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

የጠፋውን ጽፌ ይዤዋለሁ። አመዱ ከጃፓን የመጣበት ጣሳ ሲሞላ ከአፉ ሦስት ጣት ጎደለ። ቀዩ አፈርም እንደ አመዱ ደቃቅ ስለሆነ ጨርሶ አልለቀቀም፤ ግራጫው ትንሽ ወደ ቀይ አደላ። ሎሚው በዚያ ዓመት ብዙ አፈራ፤ ከአመዱ ይሁን ከዝናቡ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

አመዱ ወደ ምድጃው በተመለሰበት ቀን አራት እንግዶች ነበርን። ሻይ ከተጠጣ በኋላ ስለ ዕቃዎቹ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ ጠያቂው ከላይ የተቀመጠው እንግዳ ነው። የዚያን ቀን ከላይ የተቀመጠችው የሴንሴይ የቆየች ተማሪ፣ ሸክላ ሠሪ ናት። ጽዋው ከማን እጅ እንደወጣ ጠየቀች። ማንኪያውን ማን እንደቀረጸው ጠየቀች። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረች።

«አመዱስ?»

«ከመምህሬ ነው» አሉ ሴንሴይ። «ያጠበችው እሷ ናት።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

ማን እንደደፋው አልተጠየቁም፤ እሳቸውም አልጨመሩም። እዚያ ክፍል ውስጥ መጨረሻ የተቀመጠ እንግዳ ብዙ አያወራም። እኔ ግን ጎዶሎ ዘገባ እያየሁ ማለፍ አልለመድኩም።

«የደፋሁትም እኔ ነኝ» አልኩ። «ሎሚው ሥር።»

ሸክላ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ አመዱን ደግማ አየችው። «እኔ ደግሞ ይህን ቀለም እንዴት እንዳመጣችሁት ልጠይቅ ነበር» አለች።

ሴንሴይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

ሲሸኙኝ በር ላይ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ነይ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እንግዳ ከመድረሱ በፊት አመዱን ምድጃው ውስጥ ደልድሎ ቅርጽ ለማስያዝ አንድ ሰዓት ይፈጃል።