ጋሽ ሸምሱ ሲጠብቁት የከረሙት ገጽ

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ... ዝናቡ የቤተ መጻሕፍታችንን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ሆኜ በእንቅልፍና በንቃት መሀል እዋልላለሁ።

ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሲዘንብ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ከማዶ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያባዙ ይሰማል... ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ። ያንን ሰዓት ስወደው!

እንደዚያ ሆኜ ነው ጋሽ ሸምሱን ያየኋቸው። እንደ ሁልጊዜው ባለመስታወቱ ቁም ሳጥን ፊት ቆመዋል።

ጋሽ ሸምሱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የድስትና የሰሃን ሱቅ አላቸው። ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን ሐያትን ለመውሰድ ቀደም ብለው ይመጡና ደወል እስኪደወል እኔ ጋ ይጠለላሉ። ሁለት ወር ሙሉ እዚያ መስታወት ፊት ሲቆሙ ሳይ ኮፍያቸውን የሚያስተካክሉ ነበር የመሰለኝ። ሽክ ያሉ ሽማግሌ ስለሆኑ አልፈረድኩባቸውም።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት በእርዳታ የመጡ አዳዲስ የልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ ስለ ከዋክብት፣ ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ ሰውነታችን። ፈርሜ የተረከብኳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ልጆች እጅ ከገቡ ይቀደዳሉ ብዬ ቆልፌባቸዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ እንዲያምር ግን ስለ ሰውነታችን የሚያወራውን፣ ልብ የተሳለበት ገጽ ላይ ገልጬ አቁሜዋለሁ። በየሳምንቱ መስታወቱን እወለውላለሁ። እንዲያውም ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ያን ዕለት ጋሽ ሸምሱ ዞር አሉና «ልጄ... ገጹን መቼ ነው የምትቀይሩት?» አሉኝ።

«የቱን ገጽ ጋሼ?»

«ይሄን የልቡን ነዋ! እንደ ግድግዳ ካላንደር በየወሩ የምትገልጡት መስሎኝ ስጠብቅ ከረምኩ እኮ። አንድ ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ... ልቡ እዚያው ነው።»

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጠጋ ብዬ ሳየው የገጹ የመጨረሻ መስመር «ልብ መምታቱን ቢያቆም ግን» ይልና ያልቃል። ቀሪው ከጀርባ ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ልባቸው ውስጥ ካሉት በሮች አንዱ በደንብ አልዘጋ ብሏል፤ መጠገን አለበት። «ዶክተሩ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ልብዎን ለትንሽ ጊዜ እናቆመውና እንጠግነዋለን፣ ይፈርሙ! ልቡ ቆሞ የተቀበረ ሰው አውቃለሁ... ልቡ ቆሞ በማግስቱ ሱቁን የከፈተ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ልጆቻቸው ይፈርሙ እያሉ ይለምኗቸዋል፤ እሳቸው «ነገ» ይላሉ። ለካ በየቀኑ ያንን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት።

አፈርኩ። ቁልፉን ከመሳቢያ አወጣሁ... ሳይነካ ከርሞ አልዞር አለ። ሳሙና ቀባሁት። በሩ ሲከፈት የአዲስ ወረቀት ሽታ ወጣ።

«አንቺው አንብቢልኝ፤ እኔ ፈራሁ» አሉ።

ገጹን ገለጥኩ። የመጀመሪያውን መስመር በዓይኔ ቀድሜ ሳየው ክው አልኩ። «ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል» ይላል።

ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ልብ መምታቱን ቢያቆም ግን... ምንም አይደለም፣ ሐኪሞች ወዲያው ያስነሱታል» አልኩ።

«እንደሱ አይልም!» አለ ከክንዴ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሐያት ናት። ደወሉ መቼ እንደተደወለ እኔ እንጃ። ስለ አያቷ ሕመም ማንም አልነገራትም። መጽሐፉን ወደ ራሷ ጎተት አደረገችና፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ክፍል ውስጥ ተነስተው እንደሚያነቡት ጮክ ብላ ጀመረች። «ልብ መምታቱን ቢያቆም ግን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል።»

የጋሽ ሸምሱ ፊት... አይነሳ።

«በቃ ሐያትዬ፣ ይበቃል» አልኳት።

«አንቀጹ አላለቀም እኮ!» አለች ተቆጥታ። አስተማሪያቸው አንቀጽ መሀል ያቋረጠ ልጅ ካለ ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። ቀጠለች። «ስለዚህ ሐኪሞች ልብን ሲጠግኑ፣ ደሙን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋ ማሽን ይጠቀማሉ። ማሽኑ በልብ ፈንታ ይሠራል። ጥገናው ሲያልቅ ልብ እንደገና መምታት ይጀምራል።»

ሥዕልም አለው። አንድ ሰው ተኝቷል፤ አንድ ቀይ ቱቦ ከደረቱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል።

ጋሽ ሸምሱ የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሥዕሉን አዩት፣ አዩት... ዝናቡ መቼ እንዳባራ አላወቅንም። ጊዜው ራሱ የተቀመጠ መሰለኝ።

በኋላ ቀና አሉ። «ሐያት... ይሄ ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው?»

«አዎ መሰለኝ።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

ፈለገች። ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ መለሰች። «እሱን አልጻፉትም አባባ።»

«እንግዲያው ዶክተሩን ራሱን ነው የምጠይቀው» ብለው ብድግ አሉ። ሁለት ወር ሲሸሹት የከረሙትን ሰው!

ሄዱም። የሆስፒታሉን ጄኔሬተር በዓይኔ ካላየሁ ብለው፣ አሳይተዋቸው ነው አሉ የፈረሙት።

እኔም ቁም ሳጥኑን ከዚያ ወዲህ አልቆለፍኩትም። የእሳተ ገሞራው መጽሐፍ ጥጉ ተቀድዷል። ይቀደድ።

ዛሬ ጠዋት ሐያት እየሮጠች መጣች። አሁን ሁሉንም ታውቃለች። አያቷ ከቀዶ ጥገናው በደህና ነቅተዋል፤ ትናንት ልትጠይቃቸው ስትገባ ገና ከማየታቸው «መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አሏት።

ጠፍቶ ነበር። እናቷ በዓይኗ ብትጠቅሳትም፣ ሐያት ጮክ ብላ ነገረቻቸው... ከነጄኔሬተሩ፣ አንቀጹ እስኪያልቅ።