ጋሽ ጥሩነው ዕቃ የመለሰ ዕለት

ባሌ መኪና መንዳት ያስተምራል። የራሱ ስም አለው፤ ግን ከእናቱ በቀር በዚያ የሚጠራው የለም። ተማሪዎቹ «ጋሽ ጥሩነው» ይሉታል፣ ሠፈሩም ከእነሱ ተቀብሎ እንዲሁ ይለዋል። ተማሪ አጥር ሊደረምስ ሲንደረደር እንኳ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል እንጂ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ምስጢሩ እግሩ ሥር ነው። በማስተማሪያ መኪና ውስጥ ከአስተማሪው ወንበር በታች ሌላ ፍሬን አለ። ነገር ሊበላሽ ሲል ቀስ አድርጎ ይረግጠዋል፣ መኪናዋ ትቆማለች፣ ተማሪው ራሱ ያቆማት ይመስለዋል።

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ያስተማረኝ እሱ ነዋ። ሥራዬ ኬክ ጋግሮ ለደጋሽ ማድረስ ነው። ደርብ ኬክ ጭኔ ላይ አቅፌ በታክሲ ስሄድ፣ ሹፌሩ መንገድ በሳተ ቁጥር ክሬሙን ከቀሚሴ ላይ ስጠርግ ዕድሜዬ አለቀ። መንጃ ፈቃድ ለእኔ ቅንጦት አልነበረም። የፈተናው ዕለት ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ከግራ በኩል አንድ ብስክሌተኛ መጣ፣ አላየሁትም። መኪናዋ እንደ ልማዷ እስክትቆም ብጠብቅ አልቆመችም። ፈታኙ በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረግጦ ለጥቂት አተረፈን፣ እኔም ወደቅኩ።

ቤት ገብቼ «ያንን ፍሬን ስንት ጊዜ ረግጠህልኛል?» አልኩት።

«አልፎ አልፎ» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። አልፎ አልፎ ማለት ሁልጊዜ ማለት እንደሆነ ገባኝ። ለቀናት አኮረፍኩት።

ምን ላድርገው፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው ነው። ቤታችን ባለሱቅ ያሸከመን ብልሹ ዕቃ ሁሉ ማደሪያ ነው። ከተዘጋ የማይከፈት ጃንጥላ አለን። ልብስ የሚያሳርር እንጂ የማይተኩስ ካውያ አለን። የክት ጫማው ስለሚጠበው ያነክሳል። «መልሰው» ስለው «ሻጩ እኮ ደህና ሰው ነው፣ ምን ብዬ ዓይኑን ልየው?» ይለኛል። ደሜ ይፈላል።

እኔን ለመካስ ያሰበው ነገር ግን ልቤን አራራው። «ማንንም የማትገጪበት መኪና እሠራልሻለሁ» አለኝ። ከልጃችን ጋር መክረው፣ ዕቃ በፖስታ ከሚልክ ድርጅት፣ በስክሪን ላይ መንዳት የሚያለማምድ የኮምፒውተር ዕቃ አዘዙ። ልጃችን ኮምፒውተር ፈትታ መግጠም ታውቅበታለች። መሪው መጣ፣ ፔዳሎቹ መጡ፣ ሰፊ ስክሪን መጣ። ካርቶን በደረሰ ቁጥር ሦስታችንም ሥራ ጥለን መቀስ ፍለጋ እንሯሯጣለን። የምግብ ጠረጴዛችን የሹፌር ወንበር ሆነ፣ እራታችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን። በመጨረሻ ምስል የሚያወጣው ካርድ ደረሰና ተገጠመ። መሪውን ጨበጥኩ። ቤቶች፣ ዛፎች፣ አስፋልት ወለል ብለው ታዩኝ፤ ትንሽ እንደነዳሁ ግን መንገዱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተሸነታተረ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር ስክሪኑን ሞላው።

ልጃችን የራሷን ኮምፒውተር ካርድ ነቅላ ሞከረች። ጥራት ባይኖረውም አንድም መስመር አልወጣም። ብልሽቱ ከአዲሱ ካርድ እንደሆነ ተረጋገጠ፤ የእሷ ደግሞ የትምህርት ሥራዋን የምትሠራበት ስለሆነ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለተኛው ፈተናዬ ደጅ ላይ ደርሷል።

«ይመለሳላ፣ አባዬ» አለችው። «በፖስታ የተገዛ ነው። ጉድለቱን ጽፈህ ትልክላቸዋለህ፣ አለቀ።»

«ሰው የለበትም?»

«የለበትም።»

እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ፊት ሳያዩ ዕቃ መመለስ የሚባል ነገር በምድር ላይ መኖሩን የዚያን ቀን ነው የሰማው። ጉድለቱን ጽፎ ላከ፣ እያፏጨ ሻይ አፈላልን። መልሱ ሲመጣ ፉጨቱ ቀጥ አለ። የድርጅቱ ባለሙያ ጠዋት በቪዲዮ ደውላ ብልሽቱን በዓይኗ ማየት አለባት። ካመነችበት የመመለሻ ቁጥር ትሰጠናለች፣ ካላመነችበት ካርዱ የእኛው ነው።

«እንተወው ይሆን?» አለ ፊቱ አመድ መስሎ። «መስመሮቹ እኮ ልብ ብለሽ ካየሻቸው ያምራሉ።»

ጠዋት ኮት ለብሶ፣ ያንን ጠባብ ጫማ ተጫምቶ ስልኩ ፊት ተቀመጠ። እግር በማይታይበት ጥሪ ጫማ ምን እንደሚሠራ እንጃ። ስልኩ ጮኸና አንዲት ወጣት ብቅ አለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ የመጀመሪያ ደንበኛዬም እርስዎ ነዎት። ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ።»

በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ባሌ ጀማሪ ሲያይ አንጀቱ አይችልም።

ልጃችን ስልኩን ወደ ስክሪኑ አዞረች። ገና መከፈቱ ነበርና የተረገመው ካርድ አንድ መስመር እንኳ አላሳየም። አስፋልቱ ያንጸባርቃል፣ ዛፎቹ ለምለም ናቸው።

«እኔ ምንም ችግር አይታየኝም፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ እየተርበተበተች። «ደህና ነው ብዬ ልሙላው? ትክክል ነኝ?»

«ጥ...» ብሎ ጀመረ።

ጠረጴዛው ሥር እግሩን አየሁት። ወለሉን ረገጠ። ልጅቱ መጻፏን አላቆመችም። ደግሞ ረገጠ፣ አሁን አጥብቆ፣ ጫማው ሲጢጥ እስኪል። እዚያ ወለል ላይ ፍሬን የለም።

«ቁሚ» አለ።

በትዳራችን ሙሉ ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ቁጣ የለበትም፤ ግን ያስቆማል።

«የኔ ልጅ፣ ቁሚ። የምትጽፊው ስህተት ነው። ካርዱ ብልሽት አለበት፣ እስኪሞቅ ታገሺና ታዪዋለሽ። አይዞሽ፣ አልቸኩልም።»

ጠበቅን። እኔ መሪውን ይዤ ነዳሁ፣ በሕይወቴ ብልሽት እንደዚያ ናፍቄ አላውቅም። መንገዱ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ሐምራዊው ግጥም አለ። ልጃችን እኔ ላይ ተጠመጠመች።

«አየሁት» አለች ልጅቱ፣ በረጅሙ ተንፍሳ። «ባያስቆሙኝ በመጀመሪያ ቀኔ ጉድ ሆኜ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

ቁጥሩን ሰጠችን። ባሌ ካርቶኑ ላይ እየጻፈ «አልተቀየመችኝም እኮ» ይላል፣ «ጭራሽ አመሰገነችኝ እኮ።» ካርቶኑን በአንድ ብብቱ፣ ያንን ጃንጥላ በሌላው ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ገሰገሰ። በመንገዱ ላይ ጃንጥላውን የሸጠለት ባለሱቅ ጊዜው አልፎበታል ብሎ አልተቀበለውም፤ እሱ ግን መጠየቁ ብቻ አጥግቦት እየሳቀ ገባ።

አዲሱ ካርድ ፈተናዬ ሳይደርስ መጣ። ባሌ ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መንገዱ ጥርት ብሏል፣ ደስ እያለኝ ነዳሁ።

«እንዴት ነኝ?» አልኩት።

«ቁሚ» አለ። ቆምኩ። «ግራሽን አላየሽም። ያኔም አላየሽም፣ ስትማሪም አንድ ቀን አይተሽ አታውቂም። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ድገሚው።»

እንባዬ መጣ፤ ንዴት አልነበረም። ይህችን ቃል ነበር የምፈልገው። ግራዬን አየሁና ደገምኩት።

ፈተናውን ባለፍኩ ዕለት ፈታኙ ከመኪናው ሲወርድ «ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ።

«ባሌ» አልኩት። «አንድ ዕቃ ከመለሰ በኋላ።»